መልቲሜትሩ ሌሊት የለካውን ጠዋት እንዲያስረክባችሁ

መብራት ሲጠፋ ባትሪ ምን እንደሚሆን ልለካ ሄጄ፣ መለኪያውን ራሱን ግድግዳ ላይ ሰካሁት። አዎ፣ እንደዛ ነው ያደረግኩት።

ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ነው። ጭማቂና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ናቸው የጠሩኝ። ፍሪጃቸው መብራት ሲሄድ በባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይር ኢንቨርተር ይሠራል። ይሠራል መባሉን እንጂ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኢንቨርተሩ ይጮህና ይጠፋል። ባትሪውን የሸጠላቸው ሰው በእጅ መለኪያ ለክቶ «12 ነጥብ 6 ቮልት፣ ምንም አልሆነም» ብሎ መልሷቸዋል። እኔ የጠረጴዛ መልቲሜትሬን በባጃጅ ጭኜ ከሳቢያን ወረድኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት በየደቂቃው አንድ ጊዜ እንዲለካ አዘዝኩትና ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ፣ ከዚያ መጣ። ጠዋት ስደርስ የመለኪያው ሜሞሪ ባዶ ነው።

ጋሼ ስክሪኑን አይተው «አቦ፣ ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲሠራ አደረ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ልክ ነው። መልቲሜትርን በኮምፒውተር ስታዙት አንድ ንባብ፣ ማለትም አንዱ የተለካ ቁጥር፣ የሚሄድበት ቦታ ሁለት ነው። ወይ መለኪያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ ወዲያው በኬብሉ ወደ ኮምፒውተር ይወጣል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የላካችሁት ትእዛዝ ነው። ከታች የማሳያችሁ ይህንን ነው።

ስለ መሣሪያውና ስለ ቋንቋው

የኔ መለኪያ 34401ኤ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ያወጣው ሂውሌት ፓካርድ ነው፤ በኋላ ኤጂለንት፣ በፈረንጆቹ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ኪሳይት የሚል ስም ይዞ ተሸጧል። አሮጌ ነው፤ ግን በየቤተ ሙከራውና በሰከንድ ሃንድ ገበያው አሁንም ሞልቷል። ሜሞሪው 512 ንባብ ይይዛል። ከዚያ አንድም አይጨምርም።

የሚታዘዝበት ቋንቋ ስኪፒ ይባላል። በፈረንጆቹ 1990 የወጣ ስታንዳርድ ነው። የአንዱ ፋብሪካ መለኪያና የሌላው ተመሳሳይ ትእዛዝ እንዲገባቸው ተብሎ የተሠራ። ስለዚህ መለኪያችሁ ሌላ ቢሆንም አብዛኛው ነገር ይሠራል፤ የሜሞሪው መጠንና አንዳንድ ቃል ነው የሚለያየው።

ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል ነው የሚላኩት። እዚህ ግን እንደምንጠራቸው እጽፋቸዋለሁ። ስትጽፏቸው ሙሉውን ቃል መጻፍ ትችላላችሁ፤ አሳጥራችሁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት። አራተኛው ፊደል አናባቢ ከሆነ በሦስቱ ትቆማላችሁ። «ትሪገር» አራት ፊደል ይሆናል፤ «ዲሌይ» አራተኛው «ኤ» ስለሆነ ሦስት ብቻ ይቀራል። ቃላቱን የሚያገናኘው ሁለት ነጥብ ነው። ጥያቄ ምልክት ያለው ትእዛዝ መልስ ይጠብቃል፤ የሌለው አይጠብቅም። ይህን ካወቃችሁ መመሪያውን መሸምደድ አያስፈልግም።

ኬብሉ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፤ እኔም ሁለት ቀን አጥፍቼበታለሁ። የመለኪያው ጀርባ ላይ ባለ 9 ፒን ሲሪያል ወደብ አለ። የዛሬ ላፕቶፕ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል። ቀጥታ ኬብል ግን አይሠራም፤ የተሻገረ መሆን አለበት። 2 ከ3፣ 3 ከ2፣ 4 ከ6፣ 6 ከ4፣ 5 ከ5።

የ4ና የ6ን ነገር አትናቁት። ሦስት ሽቦ ብቻ ያለው ኬብል ሰላም ይመስላል፤ ከዚያ በመሀል ይዘጋል። መለኪያው «አሁን ላክ፣ አሁን ቆይ» የሚባባለው በነዚህ ሁለት ፒኖች ነው። የገዛችሁት ኬብል ውስጥ መኖራቸውን ለማወቅ እጃችሁ ላይ ያለውን ትንሿን መልቲሜትር ቢፕ ላይ አድርጋችሁ ፒን በፒን ንኩ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ የገዛሁት የመጀመሪያው ኬብል 4ና 6 የሚባል ነገር አልነበረውም። ከፍቼ ራሴ በየድኩት።

ከዚያ መለኪያው ፊት ላይ ባለው ሜኑ ገብታችሁ የግንኙነቱን ክፍል ፈልጉ። ሲሪያል መመረጡን እዩ። ፍጥነቱ 9600፣ ፓሪቲው ኢቭን፣ ዳታው 7 ቢት ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ኮምፒውተሩም ላይ እንደዚያው አድርጉት፤ ስቶፕ ቢት ደግሞ 2። እነዚህ መብራት ቢጠፋም አይጠፉም። የሚጠፋው ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያ ንግግር

ትእዛዝ በሚጻፍበት ፑቲ በሚባለው ፕሮግራምም ሆነ በፓይተን ኮድ ወደቡን ክፈቱ። መጀመሪያ የሚላከው «ሲስተም:ሪሞት» ነው። ይህን ሳትልኩ ሌላ ብታዙት ይጮህና 550 ቁጥር ስህተት ይመዘግባል፤ «ገና በእጅ ሞድ ላይ ነኝ» ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ኮከብ ምልክት አስቀድማችሁ «አርኤስቲ» ላኩ፤ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ኮከብና «ሲኤልኤስ» የቆየ ስህተት ያጸዳል። ኮከብና «አይዲኤን?» ስሙን ይጠይቃል። ስሙን ከመለሰ ኬብሉ ደህና ነው፤ ሻይ ጠጡ።

በየመሀሉ «ሲስተም:ኤረር?» ላኩ። ስህተቶቹን ከአሮጌው ጀምሮ አንድ በአንድ ይሰጣችኋል፤ እስከ 20 ያስቀምጣል። ዜሮ እስኪመልስ ድረስ ጠይቁ። ሰው አንዴ ጠይቆ ይተውና የትናንቱን ስህተት የዛሬ መስሎት ሲደናገር አይቻለሁ።

ምን እንደሚለካ መንገር

ሽቦውን ከማያያዛችሁ በፊት አንድ ነገር። የመለኪያው ገመድ ቮልት ሶኬት ላይ መሰካቱን ሁለቴ እዩ። አምፔር ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ባትሪ ብትነኩ ሾርት ነው ያደረጋችሁት። ባትሪው ጋ በሚደርሰው ጫፍ ላይ ትንሽ ፊውዝ ብታስገቡበት ሌሊት ተኝታችሁ ታድራላችሁ።

ለ12 ቮልት ባትሪ «ኮንፊገር:ቮልቴጅ:ዲሲ 100» ላኩ። ሬንጅ የሚባለው የልኬቱ ጣሪያ ነው፤ 10 ቮልቱ አይበቃም፣ ቀጣዩ 100 ነው። ሬንጁን ቁርጥ አድርጋችሁ ስትሰጡት ሌሊት ላይ ራሱ ሬንጅ እየቀያየረ ጊዜ አያባክንም።

ከዚያ «ቮልቴጅ:ዲሲ:ኤንፒኤልሲ 10»። ይህ አንዱን ንባብ በስንት የመብራት ሞገድ ጊዜ እንደሚለካ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንድ ሞገድ 20 ሚሊሰከንድ፣ 10 ሞገድ 200 ሚሊሰከንድ ነው። ከመብራት መስመር የሚገባው ረብሻ በዚህ ይጣራል። መለኪያው በየንባቡ ዜሮውን ስለሚያስተካክል ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ 0.4 ሰከንድ ያዙት።

ድሬ ስለሆንን አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ መለኪያ ትክክለኛነት የተሰጠው ለ23 ዲግሪ ነው፤ 5 ከፍና 5 ዝቅ ቢል። ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይህ ሙቀት የት ይገኛል? ለባትሪ ሥራ ችግር የለውም፤ ጥቃቅን ነገር ስትለኩ ግን ሌሊቱን ምረጡ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አንድ ሰዓት ተሰክቶ ይሙቅ።

ሜሞሪው ውስጥ ማስገባት

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሦስት መስመር ነው፦

«ትሪገር:ሶርስ ኢሚዲየት»
«ትሪገር:ዲሌይ 60»
«ሳምፕል:ካውንት 480»

የመጀመሪያው «ሌላ ምልክት ሳትጠብቅ ጀምር» ማለት ነው። ዲሌይ የተባለው ከየንባቡ በፊት የሚቆጠር ሰከንድ፣ ካውንት ደግሞ የንባቡ ብዛት ስለሆነ፣ በየደቂቃው አንድ ንባብ ይሆናል። 480 ደቂቃ 8 ሰዓት ነው። 0.4 ሰከንዱ ግን እየተደማመረ መጨረሻ ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ያዘገያል። መለኪያው ሰዓት አይመዘግብም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የጀመራችሁበትን ሰዓት ራሳችሁ ጻፉ። ላፕቶፑ 21 ሰዓት ሲል እኛ 3 ሰዓት እንደምንል ደግሞ አትርሱ፤ እኔ አንዴ ግራፉ ላይ ቀላቅዬ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳስቻለሁ።

ባለቤቱ «እስከ 12 ሰዓት ይሁን» ቢሉስ? 9 ሰዓት 540 ንባብ ነው፤ ከ512 ይበልጣል። መለኪያው ገና ከመጀመሩ በፊት 531 ብሎ እምቢ ይላል፤ ቦታ የለኝም ማለቱ ነው። ዲሌዩን ወደ 65 ሰከንድ ብታሳድጉት ከ500 በታች ይወርዳል።

ቀጥሎ የሜሞሪው በር። «ዳታ:ፊድ» ከሚለው በኋላ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ አር ዲ ጂ፣ ከታች መስመር፣ «ስቶር»፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ «ካልኩሌት» ይጻፋል። ይህ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ከመነሻውም ክፍት ስለሆነ ብዙ ሰው ትእዛዙ መኖሩንም አያውቅም። በጥቅሱ ውስጥ ምንም ካልጻፋችሁ በሩ ተዘጋ። መለኪያው ይለካል፣ አያስቀምጥም።

ለምን ይዘጋል ትሉ ይሆናል። ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና አማካዩን ብቻ ስትፈልጉ ነው። «ካልኩሌት:ፈንክሽን አቨሬጅ» እና «ካልኩሌት:ስቴት ኦን» ልካችሁ ታስጀምሩታላችሁ፤ ጠዋት «ካልኩሌት:አቨሬጅ:ሚኒመም?» ትሉታላችሁ። 512ቱ ገደብ አያስቸግራችሁም። ነገር ግን በሩን ዘግታችሁ ንባቦቹን አምጣ ብትሉት ስህተት ነው የምታገኙት። የሌለውን ከየት ያምጣ?

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ «ኢኒሺዬት» ላኩ። አሁን ጀመረ። ልብ በሉ፣ ኢኒሺዬት ስትሉ ቀድሞ የነበረው ንባብ በአዲሱ ይተካል። ያልወሰዳችሁት ካለ ቀድማችሁ ውሰዱ።

«ሪድ?» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። እሱም ያስጀምራል፤ ግን ንባቡን ወደ ሜሞሪ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ኬብሉ ነው የሚያወጣው። ሪድ ልኮ ጠዋት ሜሞሪ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም።

ማውጣት

መለኪያው ሲጨርስ መጀመሪያ «ዳታ:ፖይንትስ?» ብላችሁ ስንት እንደያዘ ጠይቁት። 480 ካለ ጥሩ። ከዚያ «ፌች?» ላኩ። ሁሉንም በኮማ እየለየ በአንድ መስመር ይልከዋል።

አንዱ ንባብ ከኮማው ጋር 16 ምልክት ነው። 480 ሲሆን 7,680 ምልክት። በ9600 ፍጥነት አንዱ ምልክት 11 ቢት ስለሚፈጅ ጠቅላላው 9 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ከፓይተን መለኪያ የሚታዘዝበት ፓይቪዛ ሳትነኩት የሚጠብቀው 2 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥሎ ይወጣና መለኪያው የተበላሸ ይመስላችኋል። መጠበቂያውን 20 ሰከንድ አድርጉት።

ቁጥሩ ሲመጣ 1.26 ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ «ኢ» ፊደልና 01 ይኖረዋል። በ10 አባዙት ማለት ነው፤ 12.6 ቮልት። ከ«ኢ» በኋላ 37 ካያችሁ ልኬቱ ከሬንጁ አልፏል ማለት ነው እንጂ የድሬ ባትሪ ተአምር አልሠራም።

ፌች ብላችሁት 230 ቁጥር ያለው፣ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበት ስህተት ከመጣ ሜሞሪው ባዶ ነው። ያን ቀን ጠዋት ከጋሼ ፊት ቆሜ ያየሁት ይህንን ነው።

መብራት ሲሄድ

የ34401ኤ ሜሞሪ መብራት ሲቋረጥ ይጠፋል። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን። ሲመለስም መለኪያው ወደ መነሻው ሄዶ በእጅ ሞድ ይነሳል፤ የሰጣችሁትን ትእዛዝ ሁሉ ረስቷል።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አድርጉ። መጀመሪያ መለኪያውን በትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በራሱ ባትሪ በሚቀጥል ሳጥን፣ ስኩት። በምትፈትሹት ኢንቨርተር ላይ ግን አትስኩት፤ ኢንቨርተሩ በሚወድቅባት ቅጽበት መለኪያውም አብሮት ይወድቃል፣ ያችን ቅጽበት ነበር የፈለጋችሁት።

ሁለተኛው፣ ሌሊቱን በአንድ ጊዜ አታስይዙት። ፕሮግራማችሁ 15 ንባብ ብቻ ያስይዘው። 15 ጊዜ 60.4 ሰከንድ 906 ነው፤ 920 ሰከንድ ይጠብቅና ፌች ይበል። መልሱ ውስጥ 14 ኮማ ካለ 15ቱም ደርሰዋል። ከላፕቶፑ ሰዓት ጋር ፋይል ላይ ይጨምርና ፋይሉን ይዝጋ፤ ከዚያ እንደገና ኢኒሺዬት። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ፋይሉ ይተርፋል። የከፋ ቢመጣ የሩብ ሰዓት ንባብ ነው የምታጡት።

መልስ ከጠፋ ወይም 550 ከመጣ መብራት ሄዶ ነበር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉ ላይ «ተቋርጧል» ብሎ ይጻፍና ከ«ሲስተም:ሪሞት» ጀምሮ ሁሉንም እንደገና ይላክ። ክፍተቱን አትደብቁት፤ በኋላ ግራፉን የሚያየው ሰው ማወቅ አለበት። ላፕቶፑም ራሱ እንዳይተኛ ስሊፑን አጥፉ። ይሄንንም ረስቼ አውቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር በደቂቃ አንድ ለሚለካ ሥራ በየደቂቃው ሪድ ብትሉትም ይበቃል። ሜሞሪው እንጀራውን የሚበላው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ፈጣኑ ልኬት

በሁለተኛው ሌሊት ንባቡ በሙሉ ተረፈ፤ ግን ምንም አላሳየም። ባትሪው 12 ነጥብ ምናምን ላይ ተኝቶ አድሯል፤ መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ደቂቃ ባትሪው ተመልሶ 12.4 ነው። የሻጩ ንባብ ትክክል ነበር ማለት ነው። የሆነው ሁሉ የሚሆነው በሁለት ንባብ መሀል ነው።

የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ከረንት ይስባል። ይህን ለማየት በሰከንድ በመቶዎች መለካት አለበት። ኬብሉ ደግሞ በ9600 ፍጥነት በሰከንድ ከ54 ንባብ በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ሜሞሪው ውስጥ ይግባ፣ በኋላ ቀስ ብሎ ይውጣ።

ሬንጁ እንደነበረው 100 ይሁን። «ቮልቴጅ:ዲሲ:ኤንፒኤልሲ 0.2»፣ «ዜሮ:ኦቶ ኦፍ»፣ «ትሪገር:ዲሌይ 0»፣ «ሳምፕል:ካውንት 512»፣ «ዲስፕሌይ ኦፍ»። በዚህ አቀማመጥ በሰከንድ 300 ገደማ ይለካል፤ 512ቱ በ1.7 ሰከንድ ያልቃል። ኤንፒኤልሲውን 0.02 ብታደርጉት 1,000 ይደርሳል፤ ግን ሁሉም በግማሽ ሰከንድ ስለሚያልቅ ሞተሩን ማጥመድ ከባድ ነው።

የማስጀመሪያውን ምንጭ «ትሪገር:ሶርስ ባስ» አድርጉ። አሁን ኢኒሺዬት ብትሉትም አይለካም፤ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኮከብና «ቲአርጂ» ስትልኩለት ይፈታል። የጋሼ የወንድም ልጅ ፍሪጁን ዲቫይደሩ ላይ ሊሰካ ቆመ፣ እኔ ጣቴ ኢንተር ላይ። «አንድ፣ ሁለት፣ ስካ!» ሦስተኛው ላይ ተገጣጠመልን።

ፌች አልኩና ኤክሴል ላይ አወጣሁት። ከ12.4 ተነስቶ ከ10 በታች ወርዶ፣ ከሩብ ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ኢንቨርተሩ ባትሪው አለቀ ብሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ባትሪው ሥራ ሲፈታ ደህና ይመስላል፤ ሸክም ሲመጣ ይንበረከካል።

አዲስ ሞዴል ላላችሁ

34461ኤ ያለው ሰው ይቀለዋል፤ 10,000 ንባብ ይይዛል። ልኬቱ ሳይቆም «ዳታ:ፖይንትስ?» መጠየቅ ይቻላል። «ዳታ:ሪሙቭ?» ከቁጥር ጋር ስትልኩ ያን ያህሉን ከአሮጌው ጀምሮ ሰጥቶ ከሜሞሪው ያወጣዋል፤ «ዳታ:ላስት?» የመጨረሻውን ብቻ ያሳያል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። 34401ኤ ከአቅሙ በላይ ስታዙት ገና ሳይጀምር እምቢ ይላል፤ አዲሱ ሲሞላ ዝም ብሎ የቆየውን ንባብ በአዲስ ይተካል። የመጀመሪያው ሰዓት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በየጊዜው እየወሰዳችሁ አስቀምጡ።

ስትጨርሱ «ዲስፕሌይ ኦን» ልካችሁ ስክሪኑን አብሩት፤ ቀጥሎ «ሲስተም:ሎካል»። እኔ ስክሪኑን ሳላበራ መለኪያውን ጋሼ ጋ ትቼ ወጣሁ። ሳቢያን ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ፤ «አቦ፣ ያንተ ደግሞ ሞተ!»